የተጠራቀመ ብርሃን የማን ነው?

ከገጠር ጸሎት ቤቶቻችን በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ባለፈው ክረምት አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። በመንደራቸው የሚኖሩ ባልና ሚስት ከቡና ሽያጭ ያገኙትን ገንዘብ ቆጥበው በቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ ሶላር፣ በጓዳቸውም ባትሪ አስገቡ። በጋውን ሙሉ ቤታቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ክፍት ነበር። ቀን ቀን ሰዎች ስልካቸውን እያመጡ ቻርጅ ያደርጉ ነበር፤ ማታ ማታም የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው እየመጡ ከመብራቱ ሥር ያጠኑ ነበር። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ዝናቡ ሲጸና ግን ባትሪው ሌሊቱን ሳያጋምስ ይጠፋ ጀመር። በዚህን ጊዜ ሚስትየዋ በሩን ዘጉ። ባልየው «ጎረቤት ምን ይለናል?» ብለው ቢከራከሯቸው፣ እሳቸው በስብከት የሰሙትን አስታውሰው፣ «ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን ለሰነፎቹ መቼ አካፈሉ? ጌታስ ስለዚህ መቼ ነቀፋቸው?» ሲሉ መለሱላቸው። መምህሩም ለዚህ ቃል የሚመልሱት አጥተው ወደ እኛ መጡ።

ጥያቄውን በሰማን ጊዜ መጀመሪያ ፈገግ አልን። ቆይተን ስናስበው ግን የአንድ ቤት ጠብ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። ፀሐይን እግዚአብሔር በጻድቃንና በኃጥአን ላይ እኩል ያወጣታል፤ ባትሪው ግን ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው ነው። ታዲያ ከሁሉ ፀሐይ ተወስዶ በአንድ ሰው ጓዳ የተጠራቀመው ብርሃን የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ በየመንደራችን ጎረቤት ከጎረቤት የሚኖርበትን ሁኔታ የሚወስን ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር አብረን ልንመረምረው ወደድን።

ዝናቡ የእኛ፣ መብራቱ የሩቅ

በቅድሚያ ሶላር ለምን ወደ መንደሮቻችን እንደገባ እናስታውስ። የከፋ ደን፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበው፣ ዝናብ የማይለየው ምድር ነው። ከዚህ ምድር የሚወርደው ውኃ ከፊሉ ወደ ጎጀብ ይገባል፤ ጎጀብም ወደ ኦሞ ይፈስሳል፤ ኦሞም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውንና 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ይሞላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉም ኢትዮጵያዊ ይደሰታል፤ እኛም እንደሰታለን። ሆኖም ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ኃይል ምሰሶ ተክሎ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ ትራንስፎርመር አቁሞ፣ በተራራና በሸለቆ ተበታትኖ ለሚኖር ገበሬ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህም ዝናቡ ተርባይን የሚያዞርለት የከፋ ገበሬ ከዚያው ዝናብ የሚገኘውን መብራት ሳያይ የሚኖርበት መንደር ዛሬም ብዙ ነው። ከተማው ውስጥ ያለነውም ብንሆን መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ መደናበሩን እናውቀዋለን።

መንግሥት በኅዳር 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራሙን ሲያስጀምር፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ሕዝቡን ሁሉ ለማዳረስ ዐቅዶ ነበር፤ ከዚህም ከመቶ 65ቱን በዋናው መስመር፣ ከመቶ 35ቱን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ ዘዴዎች፣ ይልቁንም በፀሐይ ኃይል። የተባለው ዓመት ደርሶ ሲያልፍ ሁሉም ቤት መብራት አላገኘም። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቤተሰቦች ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከዋናው መስመር፣ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛውም ከፀሐይ፣ ብርሃን እንደሚያገኙ ያመለክታል። እንግዲህ ሶላር ለብዙ ወገኖቻችን ትርፍ ጌጥ አይደለም፤ ከኩራዝ ጢስና ከላምባ ወጪ መገላገያ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ፍጹም አዲስም አይደለም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በፀሐይ ኃይል መንደር የማብራት ሙከራ ተደርጓል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ደግሞ በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በሬማ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶችን በትንንሽ ሶላሮች አብርቷል፤ የሶላር ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም በዚያው ከፍቷል። የሬማ ቤተሰቦች በየወሩ መጠነኛ ገንዘብ እየከፈሉ ለጥገና ማዋላቸው ለእኛም ትምህርት ስለሚሆን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጧፍና ባትሪ

በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ቤተ ክርስቲያናችን በጨለማ ተውጣ ሳለ የፋሲካው ሻማ ይገባል። ከእርሱ አንዱ ጧፍ ይለኮሳል፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቤቱ ሁሉ በብርሃን ይሞላል። የመጀመሪያው ሻማ ግን ስላካፈለ ብርሃኑ አልጎደለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ በጎነት በብዙዎች ሲያዝ እንደማይቀንስ ያስተምራል። እምነት፣ ዕውቀት፣ ፍቅር፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ጧፍ እሳት ናቸው። መምህር ለተማሪው ቢያካፍል ዕውቀቱ አይጎድልበትም።

ባትሪ ግን እንዲህ አይደለም። ለጎረቤት ስልክ የሄደው ኃይል ከቤቱ መብራት ላይ የተነሣ ነው። በመሆኑም «አካፍሉ» ብሎ መስበክ ብቻውን አይበቃም፤ የሚካፈለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሒሳቡን ሳያውቁ መፍረድ በሴትየዋም ላይ፣ በጎረቤቶቿም ላይ ግፍ ይሆናል።

እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። በጣሪያው ላይ 50 ዋት የሆነ ሶላር፣ በጓዳው 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ያለው ቤት አለ እንበል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 600 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ይህ ዓይነት ባትሪ ግን እስከ ታች ሲራቆት ይበላሻል፤ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚፈጠረው ጨው እየጠጠረ ይሄድና መልሶ መሙላት ይሳነዋል። ስለዚህ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ፣ ማለትም ከ300 ዋት ሰዓት በላይ፣ ባይቀዳ ይመረጣል። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ሶላሩ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 170 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል። አራት ባለ 3 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ በዚህ ላይ ሬዲዮና የቤተሰቡ ስልኮች ሲታከሉ የቀኑ ወጪ መቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በበጋ ይተርፋል። በክረምት ግን ደመናው ሲከብድ ያው ሶላር የበጋውን ሩብ እንኳ ላያስገባ ይችላል። ያን ጊዜ አራቱን አምፖሎች ለማብራትም አይበቃም።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ሚስትየዋ በክረምት የፈሩት ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት እንዳልሆነ ነው። በደመናው ወራት የሚመጣው ሁሉ ስልኩን ቢሰካ፣ ብርሃኑ ለሁሉም አይዳረስም፤ ባትሪው ራሱ ይሞታል እንጂ። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም የሚሆን ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ግን በሌላ ወገን ይከብዳል። በበጋ ባትሪው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ ሞልቶ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የቻርጅ መቆጣጠሪያዋ ትንሽ ሣጥን፣ ባትሪው እንዳይጎዳ ብላ ከሶላሩ የሚመጣውን ኃይል ታግዳለች። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ በጣሪያው ላይ ታበራለች፤ የምታበራው ግን ለማንም አይደርስም። በዚያ ሰዓት የጎረቤትን ስልክ መሰካት ከባለቤቱ አንዳች አይቀንስም። በዚያ ሰዓት ጎረቤትን መመለስ ማንንም የማይጠቅም ንፍገት ነው። በጋና ክረምት፣ ቀትርና ሌሊት እንደሚለያዩ፣ ግዴታችንም እንዲሁ ይለያያል ማለት ነው።

ማከማቸት በደል ነውን?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማከማቸት የሚያስተምረው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ፤ በዚህም ተመሰገነ፤ ያከማቸው በረሀብ ዘመን ለመክፈት ነበርና። በምድረ በዳ መናውን ለነገ ብለው ያስቀሩ ግን ተልቶ አገኙት፤ ለሰንበት የተቀመጠው ብቻ ሳይበላሽ ቀረ። በሉቃስ ወንጌል ያለው ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ስለዚህ በደሉ ማከማቸቱ ራሱ አይደለም። ለማን፣ እስከ መቼና ምን ያህል የሚለው ነው የሚለየው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለዚህ ባለጠጋ በሰበከው ስብከት፣ በጎተራችን ሳንፈልገው የተቀመጠው ነገር የሚያስፈልገው ድሃ ንብረት እንደሆነ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በበኩሉ ነገሩን በጥንቃቄ ለይቶታል። ሰው ንብረትን የግሉ አድርጎ ሊይዝና ሊያስተዳድር ይገባዋል፤ ለራሱ የሆነውን ሰው በይበልጥ ይጠብቃልና። በአጠቃቀሙ ግን ንብረቱን ለተቸገረው ለማካፈል የተዘጋጀ፣ የጋራ እንደሆነ አድርጎ የሚያይ መሆን አለበት። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. የምድር በረከት ለሰው ልጆች ሁሉ የታሰበ መሆኑን ይህንኑ ትምህርት ተከትሎ አጽንቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ላውዳቶ ሲ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ድሆች አገሮች በብዛት ያላቸውን የፀሐይ ኃይል እንዲጠቀሙበት ባለጠጎቹ ሊረዷቸው እንደሚገባ ጽፈዋል። ለአገሮች የሚሠራው ሕግ ለጎረቤታሞችም ይሠራል።

የእኛ የከፋ ሰው ይህን ከመጽሐፍ በፊት ከቀፎው ያውቀዋል። የደኑ አበባ የማንም አይደለም፤ ንቢቱ ከየትም ትቀስማለች። ቀፎውን ሠርቶ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሰቀለው ሰው ግን አለ፤ ማሩም የእርሱ ነው፤ ማንም ተነሥቶ ቀፎውን ቢያወርድበት ሌባ ይባላል። ነገር ግን ማር የቆረጠ ሰው ለጎረቤቱ ሳያቀምስ ቢቀር ሰው ይታዘበዋል። ደግሞም ብልህ ንብ አርቢ ቀፎውን አራቁቶ አይወስድም፤ ለንቦቹ ያስቀርላቸዋል። ሶላሩም እንዲሁ ነው። ፀሐይዋ እንደ አበባው የሁሉ ናት፤ ባትሪው እንደ ቀፎው የደከመበት ሰው ነው፤ ከማሩ ግን ጎረቤት ድርሻ አለው፤ ቀፎው ባዶ እንዲቀር ደግሞ ጎረቤትም ቢሆን ሊጠይቅ አይገባውም።

እዚህ ላይ ወደ ልባሞቹ ደናግል እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች የዘይቱን ምሥጢር ሲተረጕሙ፣ ቅዱስ አጎስጢኖስም ጭምር፣ ዘይቱ በልብ ውስጥ ያለ ፍቅር መሆኑን ተናግረዋል። በመጨረሻው ቀን ማንም የሌላውን ፍቅር ተበድሮ ሊገባ አይችልም፤ ደናግሉ ያላካፈሉትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ምሳሌው የሚናገረው በባሕርዩ ሊካፈል ስለማይችል ነገር ነው እንጂ፣ ሊካፈል ስለሚችል የቤት መብራት አይደለም። በዚያው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ንባባችንን ብንቀጥል ደግሞ፣ ወዲያው የምናገኘው መክሊቱን በምድር የቀበረውን አገልጋይ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ጌታ በተራበ፣ በተጠማ፣ በእንግዳና በታመመ ሰው አምሳል ሆኖ የሚፈርድበትን ታላቅ ፍርድ እናገኛለን። ከምዕራፉ መጀመሪያውን ብቻ ይዘን በራችንን ልንዘጋበት አንችልም። በበጋ ቀትር ሞልቶ ለማንም የማይሰጥ ሶላር ከተቀበረው መክሊት በምን ይለያል?

የሚያጠና ልጅና የተዘጋ በር

እስካሁን ስለ ስልክ ተናገርን። ማታ መጥተው ስለሚያጠኑት ልጆች ግን ገና አልተናገርንም። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ አምፖል በአንድ ሰዓት 3 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ከሥሩ የሚያጠናው አንድ ልጅ ቢሆንም፣ አምስት ልጆች ቢሆኑም የሚበላው ያው ነው። የበራ አምፖል እንደገና እንደ ፋሲካው ሻማ ሆነ ማለት ነው። የቤቱ ልጅ በሚያጠናበት ሰዓት የጎረቤትን ልጅ ከአጠገቡ ማስቀመጥ ከባትሪው ምንም አይወስድም። በክረምትም ቢሆን አይወስድም። ስለዚህ ሚስትየዋ ለስልክ ቢዘጉ ምክንያት ነበራቸው፤ ለልጆቹ መዝጋታቸው ግን ከባትሪው የመጣ አልነበረም። ምናልባት የደከማቸው ጫጫታው ይሆናል፤ ምናልባት ጭቃ የረገጠ እግር፤ ይህም የሰው ድካም ነው። ቢሆንም ስሙን ጠርተን እንወቀው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፤ ሳንናገረው ብናልፍ ጽሑፋችን ሐሰተኛ ይሆናል። በከፋ ምድር ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለረጅም ዘመን በልማድ ምክንያት ከሌላው ሰው ቤት እንዳይገቡ፣ ከአንድ ማዕድ እንዳይቆርሱ ተደርገው ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጥምቀት አጥምቃናለች፤ በአንድ መንበረ ታቦት ፊት እንቆማለን። ይሁን እንጂ እሑድ ከአንድ ቅዱስ ቁርባን የተካፈልን ሰዎች ሰኞ ማታ ከአንድ አምፖል ሥር ልጆቻችን አብረው እንዲቀመጡ ሳንፈቅድ የቀረንበት ጊዜ የለምን? ይህ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የእኛው የምእመናኑ ጥፋት ነው። ስልኩን በመስኮት በኩል ተቀብሎ ቻርጅ አድርጎ መልሶ በመስኮት መስጠት ርኅራኄ ሊመስል ይችላል፤ ልጁን ግን ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ኤሌክትሪክ የሰውን ዘር አይለይም፤ የሚለየው በሩን የያዘው እጅ ነው።

ስለዚህ በቁምስናችን ውስጥ ብርሃን ያለው ቤት ሁሉ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ባትሪዬ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ልጅ እከፍትለት ነበርን? «አዎን» ከሆነ ችግሩ የባትሪ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይቃለላል። «አይደለም» ከሆነ ግን ችግሩ የሶላር ባለሙያ የሚጠግነው አይደለም፤ ወደ ንስሐ መሄድ ያስፈልጋል።

የሞተ ባትሪ

ብርሃኑ የማን ነው ብለን ከጠየቅን፣ ብርሃኑ ካለቀ በኋላ የሚቀረውስ የማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሶላሩ በደንብ ከተያዘ 20 እና 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የእርሳስ ባትሪ ግን በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ያልቃል። አሁን በገበያ የሚታየው የሊቲየም ባትሪ ዕድሜው ረዘም ይላል፤ በጥልቀት ቢቀዳም ይበልጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም በየመንደሩ የሞቱ የእርሳስ ባትሪዎች ከአጥር ሥር፣ ከጓሮ፣ ከወንዝ ዳር ሊከማቹ ነው።

በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው፤ አሲዱም ሥጋን ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እርሳስ በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት የማያደርስበት መጠን እንደማይታወቅ ያስታውቃል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በምትገኝ ሰፈር ሰዎች ያገለገሉ ባትሪዎችን እየሰበሩ እርሳሱን ይሸጡ ነበር፤ ከ2007 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት በዚያች ሰፈር 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። ወላጆቻቸው ክፉዎች አልነበሩም፤ እንጀራ ፈልገው ነው። እኛም ባትሪ ሰብረን እርሳሱን ለሚያቀልጥ የምንሸጥ፣ አሲዱን በጓሮ የምናፈስስ ከሆነ፣ መርዙ ከምንጫችንና ከሕፃኖቻችን ሆድ ይገባል። የጎጀብ ገባሮች ወደ ታች ይፈስሳሉ፤ ከእኛ በታች የሚኖር ሕዝብም አለ። ፀሐይን ንጹሕ ኃይል ስንላት እውነት ነው፤ ንጹሕነቷ ግን እስከ መጨረሻው የሚጸናው ያለቀውን ባትሪ ሳይሰበር መልሶ ለሚወስድ ነጋዴ ወይም ለታወቀ ሰብሳቢ የምናስረክብ ከሆነ ነው። ብርሃኑን የወሰደ ሰው ዝቃጩንም ሊሸከም ይገባዋል፤ ብርሃኑን ለራሱ፣ መርዙን ለጎረቤቱ ማድረግ የለበትም።

ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ

እንግዲህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ የመለስንላቸው በአጭሩ ይህ ነው። የተጠራቀመው ብርሃን የባልና የሚስቱ ነው፤ በአደራ ግን ነው። ለቤተሰቡ ሌሊት የሚያስፈልገውንና ለባትሪው ዕድሜ የሚበቃውን ማስቀረት ጥንቃቄ ነው እንጂ ንፍገት አይደለም። ከዚያ የሚተርፈው፣ ይልቁንም በበጋ ቀትር ሞልቶ የሚባክነው፣ የጎረቤት ነው፤ መስጠቱ ችሮታ መስሎ ሊታየን አይገባም። በመንደሩ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ወይም በሌሊት የታመመ ሕፃን ሲኖር ግን ለቤቱ የተቀመጠውም ቢሆን ይሰጣል። ቅዱስ ቶማስ እንዳስተማረው፣ በብርቱ ችግር ጊዜ የግል የነበረው የጋራ ይሆናልና። ያን ሌሊት ቤቱ በጨለማ ቢያድር በረከት ነው።

ስልክ ለሚያስሞላ ሰው መጠነኛ ክፍያ መጠየቅስ ነውር ነውን? አይደለም ብለናል፤ ባትሪው በተጠቀሙበት ቁጥር ያረጃልና፣ ገንዘቡ ለመለወጫው ከተቀመጠ ፍትሕ ነው። የጎረቤትን ጨለማ ማትረፊያ ማድረግ ግን አራጣ ይሆናል። የሬማ ቤተሰቦች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ሶላራቸውን እንደጠበቁ ሁሉ፣ በእኛም መንደሮች ዕድሮቻችን ለሬሳ ሣጥንና ለድንኳን እንደሚያዋጡት ለአንድ የጋራ ባትሪ ሊያዋጡ ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የጸሎት ቤታችን ጣሪያ ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን ያለ ሥራ ፀሐይ ይመታዋል፤ በዚያ ላይ ሶላር ቢተከል፣ ማታ ማታ የማንም ልጅ የማንንም ደጃፍ ሳይለምን ገብቶ የሚያጠናበት ቤት ይገኛል። ቫቲካን ራሷ በ2008 እ.ኤ.አ. በጳውሎስ 6ኛ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ሶላር ተክላለች፤ ጣሪያው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ፀሐይዋ አንዲት ናት። ባትሪውን ማን እንደሚጠብቅ፣ ውኃውን ማን እንደሚሞላ፣ ገመዱ ሲላላ ማን እንደሚያጠብቅ አስቀድሞ መወሰን ደግሞ ይገባል። የጋራ ነገር ጠባቂ ካጣ ቶሎ ይሞታልና፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ።

መምህሩ ከዚህ በኋላ ወደ መንደራቸው ተመልሰው ከባልና ሚስቱ ጋር ተነጋገሩ። ሚስትየዋም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ስልኩ በጋ እስኪመጣ ይቆየኝ፤ ልጆቹ ግን ይምጡ፤ እግራቸውን ታጥበው ይግቡ እንጂ» አሉ ብለው ነገሩን። መምህሩም «የትኞቹ ልጆች?» ብለው ጠየቋቸው። ሚስትየዋ የተጠየቁት ምን እንደሆነ ገብቷቸው ለጊዜው ዝም አሉ። በሳምንቱ መምህሩ ወደዚያ ቤት ሲሄዱ ከአምፖሉ ሥር የተቀመጡት ልጆች ሰባት ሆነው አገኟቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ቀድሞ ከደጃፉ አልፈው የማያውቁ ነበሩ።

እኛም ይህን የምንጽፈው ያ ቤት ፍጹም ሆነ ለማለት አይደለም። በእያንዳንዳችን ቤት የሚከፈት በርና የሚዘጋ በር አለ። በመጪው በጋ ሰማዩ ሲጠራና ባትሪዎቻችን በቀትር ሲሞሉ፣ ከእጃችን ሳይጎድል ልንሰጠው የምንችለውን አስበን እንስጥ፤ ክረምት ሲመጣም ሳይጎድል ልንሰጠው የምንችለው ነገር እንዳለ አንርሳ። ፀሐይን ለሁሉ የሚያወጣ አምላክ በራችንን የምንከፍትበትን ልብ ይስጠን። አሜን።